ሥራ የሚያመጣው የሩቁ ሰው ነው፦ ለሰሜን ሸዋ ፍሪላንስ ጸሐፊዎች

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ጽፎ ማደር ይቻላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው «ሰው ካለህማ!» ይላችኋል። «ሰው» ሲባል ወዲያው የሚመጣብን አጎት ነው። ጥሩ ቢሮ ያለው አጎት፣ ወይም አዲስ አበባ ትልቅ ቦታ ላይ የተቀመጠ አብሮ አደግ። እንዲህ ዓይነት ዘመድ የሌለው ጸሐፊ ገና ሳይጀምር እጁን ይሰጣል።

ሰው ያስፈልጋል የሚለው ነገር እውነት ነው። ፍሪላንስ ጸሐፊ ቅጥር የለውም፣ ደሞዝ የለውም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ጸሐፊ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት የሚለጥፍለት ድርጅትም እምብዛም ነው። ሥራ የሚመጣው አንድ ሰው ለሌላ ሰው ስሙን ሲያነሳለት ነው። ታዲያ ስማችንን የሚያነሳልን የትኛው ሰው ነው? እዚህ ላይ እኛ የምናስበውና ጥናት የሚያሳየው አይገጥምም።

የቅርብ ጓደኛ ለምን ሥራ አያመጣም?

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳተመ። ቦስተን አጠገብ ባለችው ኒውተን ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ነበር ያነጋገረው። ሥራውን በሰው በኩል ያገኙትን «ያ ሰው በዚያ ሰሞን በየስንት ጊዜው ነበር የምታገኙት?» ብሎ ጠየቃቸው። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 ከመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 ከመቶው አልፎ አልፎ አሉ። 27.8 ከመቶው ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ከዚያም ባነሰ። ሥራውን የጠቆማቸው አብሯቸው የሚውለው ጓደኛ አልነበረም ማለት ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ የትምህርት ቤት ትውውቅ፣ መንገድ ላይ ድንገት ያገኙት ሰው ነው።

ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ቤት ቡና ትጠጣላችሁ፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ናችሁ፣ አንድ ወሬ ነው የምትሰሙት። ሊረዳችሁ ልቡ ቢፈልግም አዲስ ነገር እጁ ላይ የለም። በዓመት አንዴ ሰላም የምትሉት ሰው ግን ሌላ ሰፈር ይውላል፣ ሌላ ስብሰባ ይገባል። እናንተ የማትሰሙትን ይሰማል።

የግራኖቬተር ጥናት ትንሽ ነበር፤ የተጠየቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሊንክድኢን በሚባለው የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ ላይ ፈተኑት። አምስት ዓመት የፈጀና ወደ 20 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ ሙከራ ነው። ሊንክድኢን «እነዚህን ሰዎች ታውቋቸው ይሆናል» እያለ የሚያቀርበውን ጥቆማ ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ መንገድ እያሳዩ ማን ሥራ እንደቀየረ ተከታተሉ። የሩቅ ትውውቅ እዚህም አሸነፈ። አንድ ማስተካከያ ግን ነበረው፤ በጣም ሩቅ የሆነውም አይጠቅምም። ይበልጥ የጠቀመው መካከለኛው ነው፤ ወደ አስር የሚጠጋ የጋራ ወዳጅ ያላችሁ ዓይነት ሰው።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። ደሞዝተኛ ሥራ የሚፈልገው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ፍሪላንሰር በየወሩ ይፈልጋል። ስለዚህ የሩቅ ትውውቅ ለደሞዝተኛው ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለኛ ግን የዕለት እንጀራ ነው። ደግሞ ደስ የሚለው ነገር፣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለማግኘት አጎት አያስፈልግም።

የሩቅ ሰዎቻችን እነማን ናቸው?

ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉትን የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አስቡ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እነዚህ ቤቶች የከተማው የጽሑፍ ገበያ ሆነዋል። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ፕሮፖዛል የሚያስጠርዝ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የሚያስተይብ፣ የሰርግ ጥሪ የሚያሳትም ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከኮምፒውተሩ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ በከተማው ማን ምን እያስጻፈ እንደሆነ ታውቃለች። ባለጉዳዩ «ይሄ አማርኛ ትንሽ አልተስተካከለም፣ የሚያስተካክል ሰው ታውቂያለሽ?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። አንድ ሰው ብቻ ጠቁም ብባል እሷን እላችኋለሁ። ሥራ አስኪያጆቹን የሚተዋወቃቸው ሞልቷል፤ እሷን ማንም አይቆጥራትም።

ማተሚያ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ከመርሐቤቴ የተነሱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ራሳቸው ጸሐፊ ሆነው ሳለ ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል። ጽሑፍና ማተሚያ ቤት ድሮም አይለያዩም። አታሚው ጽሑፉን ሲቀበል ስህተቱን ያያል፣ ግን ማረም የሱ ሥራ አይደለም። ስልካችሁ እሱ ጋ ካለ ይደውላል።

ሌላው የትምህርት ቤት ትውውቅ ነው። ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ደብረ ብርሃን አልቀረም። አብዛኛው ላምበረት ወርዶ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ከፊሉም ውቅያኖስ ተሻግሯል። አንዱ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው፣ አንዷ ባንክ ናት፣ ሌላው የማስታወቂያ ድርጅት ከፍቷል። የድሮ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የልደትና የለቅሶ መልእክት ብቻ አይታችሁ ዝም ካላችሁ አትራፊው ነገር አመለጣችሁ። መካከለኛ ርቀት ያለው ትውውቅ ማለት ይኸው ነው፤ ብዙ የጋራ ወዳጅ አላችሁ፣ ውሎአችሁ ግን የተለያየ ነው።

ከዚያ ደግሞ ባለሙያዎች አሉ። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ተመራማሪ፣ የዩኒየኑ ሒሳብ ሹም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ የኤፍ ኤም ጣቢያው ፕሮግራም አዘጋጅ። እነዚህ ሰዎች ጽሑፍ ይገዛሉ፤ «ጽሑፍ እየገዛሁ ነው» ብለው ግን አያስቡም። ሪፖርት ደረሰብኝ፣ ብሮሸር ያስፈልገኛል፣ ዶክመንተሪ ላሠራ ነው፣ ለጉባኤው የሚነበብ ነገር የለኝም ነው የሚሉት። «የፈጠራ ጸሐፊ ነኝ» ብላችሁ ብትተዋወቋቸው ያመሰግኗችኋል፣ ይረሷችኋል። «ሪፖርት ሰው እንዲያነበው አድርጌ አዘጋጃለሁ» ያላቸውን ግን ስልኩን ይይዛሉ።

ወንፈል እንጂ ደቦ አይደለም

ጸሐፊዎች እርስ በርስ ስንተያይ ብዙ ጊዜ እንደ ተፎካካሪ ነው። አንዱ ያገኘውን ሌላው እንዳይሰማ ይደብቃል። ይህ በገንዘብ ያከስራል። ገበሬው ወንፈልና ደቦን ለይቶ ያውቃቸዋል። ደቦ ጠላ ጠምቀህ፣ ደግሰህ ሰው ትጠራለህ፣ ሰው ይመጣል፣ አጭዶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው፤ ዛሬ ለኔ ታጭዳለህ፣ ነገ ለአንተ አጭዳለሁ። ለጸሐፊ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? ሦስት ወይም አራት ጸሐፊ ሆናችሁ ተስማሙ። አንዱ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፣ አንዷ አርታዒ ናት፣ አንዱ የሬዲዮ ድራማ ይችላል። ትርጉም ወደ አርታዒዋ ሲመጣ ለተርጓሚው ታሳልፋለች። ተርጓሚው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት እሷ ታነብለታለች። ኮሚሽን ይኑር አይኑር መጀመሪያ ተነጋገሩበት፤ እኔ ባይኖር እመርጣለሁ፣ ሒሳብ ሲገባ ወንፈሉ ይፈርሳል። አንድ ነገር ግን የግድ ነው። ያሳለፋችሁለት ሰው ሥራውን ካበላሸ የሚበላሸው የእናንተም ስም ነው። ስለዚህ ሥራውን ያላያችሁትን ሰው አትጠቁሙ፣ ጓደኛ ቢሆንም።

የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርን የመሳሰሉ ማኅበራት፣ የዩኒቨርሲቲው ዓውደ ጥናቶች፣ የመጽሐፍ ምረቃዎች ጥሩ ናቸው። ግን ምረቃ ላይ ሃምሳ ሰው ጨብጦ መመለስ ምንም አይደለም። ሁለት ሰው አነጋግሮ በሳምንቱ ለሁለቱም መልእክት መጻፍ ይበልጣል።

መልእክቱን እንዴት እንጻፈው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚላከው መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ሰላም እንዴት ነሽ? ጠፋሽ እኮ! እኔ አሁን ፍሪላንስ ጸሐፊ ነኝ። የሆነ ሥራ ካለ አስቢኝ እሺ።»

ይህን የተቀበለች ሴት ምን ታድርግ? «የሆነ ሥራ» የሚባል ነገር ቢሮዋ ውስጥ የለም። አስቢኝ ተብላለች፣ ግን በምን ታስበው? «እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ትመልሳለች፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በዚያ ላይ «ጠፋሽ» ብሎ ጀምሮ ወዲያው ሥራ መጠየቅ ሰላምታውን ራሱን ያጠረጥራል።

አሁን ይህን ተመልከቱ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። ባለፈው ሰኔ በበግ እርባታ ስብሰባው ላይ ከጎንዎ የተቀመጥኩት ነኝ፤ የሱፍ ዋጋ እንደወደቀ እያነሳን ስንጫወት ነበር። ያኔ የነገሩኝ ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ ሁለት የመንዝ ገበሬዎችን አነጋግሬ አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ጽፌያለሁ። አያይዤዋለሁ፣ ሲመችዎ ያንብቡት። ማኅበራችሁ የዓመቱን ሪፖርት ለአባላት በሚገባ አማርኛ ማዘጋጀት ቢፈልግ ይህንኑ ሥራ እሠራለሁ። መልስ ለመስጠት አይቸገሩ።»

እዚህ ውስጥ ምን አለ? መጀመሪያ ማን እንደሆነ ያስታውሳል፣ በቦታና በወሬ። ቀጥሎ የሚጠይቀው ሳይሆን የሚሰጠው ነገር ይዞ መጥቷል። ጽሑፉ ራሱ ችሎታውን ስለሚያሳይ «ጎበዝ ነኝ» ማለት አላስፈለገውም። የሚፈልገውን ሥራ በስሙ ጠርቶታል፤ ሪፖርት፣ ለአባላት፣ በሚገባ አማርኛ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሴትየዋን ከመልስ ግዴታ ነጻ አውጥቷታል። ባህላችን ላይ «እምቢ» ማለት ከባድ ነው፤ እምቢ የማለት ጭንቅ ያለበትን መልእክት ሰው ሳይከፍት ያልፈዋል። አንቱታውም የግድ ነው፤ በቴሌግራም ስለሆነ ብቻ የማታውቁትን ትልቅ ሰው «አንቺ» ማለት በር ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ አትነዝንዙ። በሦስት ወር አንዴ ሰውየው የሚጠቅመውን ነገር መላክ ይበቃል። የሚመለከተው የጨረታ ማስታወቂያ ካያችሁ አጋሩት። ሹመት አግኝቶ እንደሆነ እንኳን ደስ አለዎት በሉ። ሐዘን ከደረሰበት ለቅሶ ድረሱ፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ከሊንክድኢን በፊት የነበረው ኔትወርክ እሱ ነው።

«ሪሰርች እንሠራለን»

ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ላለ ጸሐፊ ቶሎ የሚመጣው ገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሌላ ሰው መጻፍ ነው። በግልጽ ይለጠፋል፣ በቴሌግራም ይዞራል። ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ሥነ ምግባሩ ስብከት አላበዛም። የሙያ ጉዳቱ ግን ብዙ አይወራም። ይህን ሥራ ለማንም ማሳየት አትችሉም። ደንበኛው ስማችሁን በአደባባይ አያነሳም፣ ቢያነሳ ራሱን ያጋልጣል። ሁለት ዓመት ስትሠሩ ቆይታችሁ «እስኪ ሥራህን አሳየኝ» ስትባሉ ባዶ እጅ ናችሁ። የሩቅ ሰው ስማችሁን የሚያነሳው ሥራችሁ ሲታይ ነው፤ ይህ ሥራ በተፈጥሮው የሚደበቅ ነው።

በዚያው ሰፈር ንጹሕ ሥራ አለ። ተማሪው ራሱ የጻፈውን የቋንቋ እርማት ማድረግ፣ አማካሪው እያወቀ። የመምህራንን ጥናት ለሕዝብ በሚገባ አማርኛ ማሳጠር። ለመጽሔት የሚላክ ጽሑፍ ማስተካከል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ኦተርኤይድ የሚባለው ፕሮግራም ስለ ጥናታዊ ጽሑፍ አጻጻፍ በኢንተርኔት ነጻ ሥልጠና ይሰጣል። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ኢንተርኔቱስ?

አፕወርክ፣ ፋይቨር የሚሉትን የፍሪላንስ ሥራ ድረ ገጾች ሁላችሁም ሰምታችኋል። አፕወርክ ሁለት የቀድሞ ድረ ገጾች ተዋህደው በ2015 እ.ኤ.አ. በዚህ ስም የወጣ ነው። ሥራ ለመጠየቅ «ኮኔክትስ» የሚባል ነጥብ ያስፈልጋል፣ ነጥቡም በገንዘብ ይገዛል። ፋይቨር ደግሞ ከእያንዳንዱ ገቢ 20 ከመቶ ይቆርጣል። ዋጋ ስትተምኑ ይህን ከመጀመሪያው አስገቡት።

እንደኔ አስተያየት፣ በእንግሊዝኛ ተራ የብሎግ ጽሑፍ ይዞ እዚያ መግባት አሁን አያዋጣም። ከዓለም ሁሉ ጋር በዋጋ መጋፋት ነው፣ ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጋር ደግሞ በነጻ። በአማርኛ የሚያስፈልግ ሥራ ግን ሌላ ነው። ትርጉም፣ የትርጉም ፍተሻ፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የኤአይ የቋንቋ ሞዴሎችን መልስ መገምገም፤ እነዚህ ላይ የሚወዳደራችሁ ሰው ጥቂት ነው። ለተርጓሚ ፕሮዝ የተባለው ድረ ገጽ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ልምድ ለሌለው ደግሞ ትራንስሌተርስ ዊዝአውት ቦርደርስ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ የሰብአዊ እርዳታ ትርጉም ይሰጣል፤ ገንዘብ የለውም፣ ግን የምታሳዩት ሥራ ይሰጣችኋል። አገር ውስጥ ያሉትን ደግሞ እንደ አፍሪወርክ ባሉ የቴሌግራም መድረኮች መከታተል ነው። ቀድሞ ፍሪላንስ ኢትዮጵያ ይባል የነበረው ነው።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው ይደናቀፋል። የኢንተርኔት መክፈያው ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል አይሆንም። ፔዮኒር የሚባለው ሌላ የኢንተርኔት መክፈያ ወይም የባንክ ዝውውር ነው ያለው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «በምን ትከፍላላችሁ?» በሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ክፍያ በብር ሲመነዘር ሚዛኑ ተቀይሯል፤ አነስተኛ የሚመስል የውጭ ሥራም እዚህ ወግ ያለው ገንዘብ ይሆናል።

አካውንት የሚያከራዩ ሰዎችም አሉ። የሌላ ሰው የአፕወርክ አካውንት ተከራይቶ መሥራት የድረ ገጹን ሕግ መጣስ ነው፤ የተዘጋ ዕለት ገንዘቡም ስሙም የባለቤቱ እንጂ የእናንተ አይደለም። «ሥራ አለ፣ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ክፈል» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ወሬ አታብዙ፣ ብሎክ።

ደግሞ የኢንተርኔት ነገር አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደንበኛው አያውቅም፤ የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ የሚመስለው። ሥራ ስትቀበሉ «የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ ስላለ ካልደረሰዎት በዚህ ስልክ ይደውሉ» ብላችሁ አስቀድሙ፣ ሥራውንም ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድሞ የሚያልቅ አድርጉት።

በምን ትታወቃላችሁ?

የሩቅ ሰው ስማችሁን የሚያነሳው በአንድ ነገር ካወቃችሁ ነው። «ሁሉን እጽፋለሁ» የሚልን ሰው በምን ያስታውሱታል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ ጸሐፊ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የሌለው ሀብት አለው። የመንዝ በግ፣ ገብስ፣ የሱፍ ሥራ፣ የቆላው የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ አንኮበር፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት ጓሳ። ጓሳን የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ትውልድ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ እንኳ በደንብ የተወሰነ ነበር። ይህን ነገር ከሽማግሌዎቹ አፍ ሰምቶ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ የሚችል ሰው የጥበቃ ድርጅት፣ አስጎብኚ፣ ጋዜጣ ሁሉ ይፈልገዋል። አዲስ አበባ ያለው ጸሐፊ ለዚህ መኪና መከራየት አለበት። እናንተ ከጠባሴ ተነስታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አንድ መስክ ያዙና አምስት ስድስት ጽሑፍ አዘጋጁ። ያዘዛችሁ ሰው ባይኖርም ጻፉት። ከዚያ ጋዜጣ ላይ ለማስወጣት ሞክሩ፤ አዲስ ዘመን፣ በኩር፣ ሪፖርተር፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ አዲስ ስታንዳርድን የመሰሉ አሉ። አዘጋጁ ጋ ሙሉ ጽሑፍ ከመላክ በፊት አምስት መስመር ሐሳብ ላኩ፦ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ ለምን አሁን፣ ማንን አነጋግራችኋል። ክፍያው ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም አይኖርም። ዋናው ጥቅም ሊንኩ ነው። ለዩኒየኑ ሒሳብ ሹም የምትልኩት እሱን ነው።

ዋጋና ወረቀት

ዋጋን በፍርሃት አትተምኑ፣ በሒሳብ ተምኑ። በወር 20,000 ብር ያስፈልገኛል እንበል። ወሩን ሙሉ አልጽፍም፤ ሥራ ፍለጋ፣ ስብሰባ፣ ክፍያ ለመቀበል መመላለስ ቀኔን ይበሉታል። 12 ቀን ብቻ ለጽሑፍ ቢተርፈኝ አንድ የሥራ ቀን ከ1,667 ብር በታች ሊሸጥ አይችልም። ሦስት ቀን የሚፈጅ ብሮሸር ከ5,000 ብር በታች ከሆነ ኪሳራ ነው። ይህ ወለሉ ነው፤ ከዚያ በላይ መደራደር የእናንተ ነው። ቀብድ ሳትቀበሉ አትጀምሩ። ግማሹን ቀድሞ የማይከፍል ደንበኛ መጨረሻ ላይም ያስሮጣል።

አንድ ገጽ ውል ይኑራችሁ። ምን ይሠራል፣ መቼ ያልቃል፣ ስንት ጊዜ ይታረማል፣ ስንት ይከፈላል። እርማቱ ካልተወሰነ ብሮሸሩ አያልቅም፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ባለቤት እንኳ አስተያየት ይሰጡበታል።

የቅጅ መብትንም እወቁት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 እንደሚለው፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ነው። የሥራው አመንጪ መባል ግን ሞራላዊ መብት ነው፣ ከጸሐፊው ጋር ይቀራል። ለፍሪላንሰር የሚመጣው መዘዝ ይህ ነው፦ ሥራውን ለሌላ ደንበኛ ለማሳየት እንኳ ቢፈልግ ባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጸሐፊው ይህን ሥራ እንደ ናሙና ማሳየት ይችላል» የምትል አንድ መስመር አስገቡ። ደንበኛው አይቃወምም፣ ካልጠየቃችሁት ግን ራሱ አያስበውም። የሽማግሌዎች የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ በባለታሪኩ ስም ነው የሚወጣው። ቢያንስ የምስጋናው ገጽ ላይ «አዘጋጅ» ተብላችሁ ግቡ።

ቲን ናምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ። ድርጅቶች ሲከፍሉ ግብር ቀንሰው ያስቀራሉ፤ ቲን ለሌለው ሰው የሚቀነሰው በጣም ይበዛል። አንዳንዱ ድርጅት ጭራሽ ደረሰኝ ለሌለው ሰው አይከፍልም፤ ሥራ አግኝቶ በወረቀት ምክንያት ማጣት ያናድዳል።

ካስረከቡ በኋላ

ደንበኛው ሥራውን ወድዶ ክፍያውን ባስገባ ሳምንት ሁለት ነገር ጠይቁት። አንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ምስክርነት ነው። «የተቻለህን ጻፍልኝ» ብትሉት አይጽፍም፤ «ሪፖርቱ ለጉባኤው ቀርቦ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን እናንተ ጽፋችሁ ያጽድቀው። ሌላው ስም ነው፦ «እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገው የሚያውቁት ሌላ ሰው ይኖራል?» ሦስት ወር ቆይታችሁ ብትጠይቁት ሥራውን ረስቶታል። በዚያ ሳምንት ግን ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ይደውላል።